ከባቡሩ ስለወረደው ልጅ ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ለአረጋውያን መኖሪያ ቤታችን ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣
ቢሮዎ ድረስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ጫማዎ የሚያብረቀርቅ፣ እንቅልፍዎ እንደ ኅሊናዎ በምንም ነገር የማይናወጥ፣ የቢሮዎ ማሞቂያም የእኛን ክፍሎች ድርሻ ጨምሮ ዘወትር የሚሠራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና ያልነበሩት ክፍላቸውን እየለቀቁ ስለሄዱ፣ በአሁኑ ሰዓት በቤቱ ውስጥ ያለን ሁላችንም ደህና ነን ለማለት ይቻላል።

እኔ፣ ከክፍሌ ቁጥር በቀር ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ፣ ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት በአራሚነት የጨረስኩ አሮጊት ነኝ። ያስተማሩኝ ሰዎች፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ በር ሳያንኳኩ ሰው ቤት እንደመግባት መሆኑን በማስመሪያ ጭምር ስላስረዱኝ፣ ስድብ እንኳ ስጽፍ የምጀምረው በሰላምታ ነው። ይህ ግን ስድብ አይደለም፤ ምስጋና ነው። በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት፣ ቅጂውንም ለጋዜጣ የላክሁት፣ ቀደም ሲል የጻፍኳቸውን ምስጋናዎች የከተትኩበት የአስተያየት መስጫ ሳጥን ቁልፉ ከጠፋ መቆየቱን ዘግይቼ ስለሰማሁ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የገና ፊልም ነው። እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ጊዜውን ማባከን እንደማይገባው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ትንሹን ነገር ከእኛ ለመውሰድ ጊዜ ስላገኙ፣ ስለ እሱ ለማንበብም አያጡም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የበዓሉ ሰሞን ሲደርስ፣ የመብራቱ ጌጥ በሳሎኑ መስኮት ላይ ከተሰቀለበት ቀን አንስቶ፣ ከምሳ በኋላ ተሰብስበን የምንወዳቸውን ፊልሞች ማየት ከእርስዎ ሹመት በፊት የነበረ ልማዳችን ነው። ፊልሞቹ አዲስ አይደሉም፤ እኛም አይደለንም። ጌጡን በጥርሱ ጎትቶ ዛፉን ከነመብራቱ በባለቤቱ ላይ የሚጥለውን ውሻ ከልጆቻችን ይልቅ አዘውትረን እናየዋለን። ትሪ ተሸክሞ በረዶ ላይ የሚንሸራተተው ወፍራም ምግብ አብሳይ ዓመት ጠብቆ ይወድቃል፤ እኛም ከዚያ በፊት ወድቆ የማያውቅ ይመስል ዓመት ጠብቀን እንስቅበታለን። በበዓሉ ዋዜማ የምናየው ግን አንድ ብቻ ነው። ስሙን አስተካክሎ የሚያስታውስ ስለሌለ የጣቢያው ፊልም እንለዋለን።

ፊልሙን አይተውት ስለማያውቁ ባጭሩ ልንገርዎ። የሰው ልብስ እየተኮሰች ልጇን ያሳደገች አንዲት መበለት አለች። ልጁ ተቀይሟት ከቤት ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ እሷ ግን በየበዓሉ ዋዜማ ይመጣ እንደሆነ ብላ ወደ ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች። በመጨረሻው ላይ ባቡሩ ይደርሳል፣ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ መሳፈሪያው ባዶ ይሆናል፣ እሷም ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤቷ መሄድ ስትጀምር፣ ልጁ በልጅነቱ የሰበረባትን ወንበር ጠግኖ፣ በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ከመጨረሻው ፉርጎ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ቃል አይነገርም፤ የሚሰማው ሙዚቃና የባቡር ድምፅ ብቻ ነው። ይህችን ነጥብ እባክዎ በአእምሮዎ ይያዙልኝ፤ ቦታ እንዳለ እገምታለሁ።

ፊልሙ ዝም ቢልም እኛ ዝም አንልም። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር የባቡሩ ጭስ ገና ብቅ ሲል፣ “ፍሬን! ፍሬን ያዝ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ልታልፈው ነው!” እያለ በሌለ ፔዳል ላይ እግሩን ይጭናል። አዋላጅ የነበረችው ጎረቤታችን መበለቷ ጀርባዋን ስትሰጥ፣ “ኧረ ተመለሽ እቴ! ከኋላሽ ነው፣ ከኋላሽ!” እያለች ወለሉን በምርኩዟ ትደበድባለች። ስልከኛዋ ደግሞ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ “ወረደ?” ትለኛለች።

ስልከኛዋን ያውቋታል። ዕድሜዋን ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጣ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ስታገናኝ የኖረች፣ ዛሬ ዓይኗ ፈጽሞ የማያይ፣ በምድር ቤቱ ከመታጠቢያው አጠገብ የምትኖር ሴት ናት። በማስታወስ እንዳይደክሙ ልርዳዎ፤ እናትዎ ናት። ለእናትዎ አንቱታ መጻፍ ሲገባኝ እንዲህ የምደፍረው፣ እኔና እሷ አንቺ ስለምንባባልና በዚህ ዕድሜ የቀረን ማዕረግ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

የእኔ ሥራ እንግዲህ ይህ ነበር። ከሥዕሉ ሥር የሚወጣውን የትርጉም ጽሑፍ ዓይናቸው ለደከመ ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ቃል በሌለበት ቦታ ደግሞ የሚታየውን ለስልከኛዋ እነግራታለሁ። አሁን ጭሱ ታየ፣ አሁን በሩ ተከፈተ፣ አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ ወረደች፣ እሷ አይደለችም ጉዳያችን፣ እላታለሁ። ልጁ ሲወርድ መልኩ ምን እንደሚመስል ሳትጠይቀኝ ቀርታ አታውቅም። የፊልሙ ልጅ ከሲታ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ ነገር ነው። እኔ ግን ማረም የሙያዬ ልማድ ስለሆነ፣ ሰፊ ግንባር፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ትንሽ ጠባሳ፣ ሲያፍር ወደ ጎን ዘንበል የሚል አንገት እሰጠዋለሁ። የማን እንደሆነ መስታወት ይነግርዎታል። አንገቱን እንኳ ከድሮ ፎቶግራፍ ነው የወሰድኩት፤ እርስዎ ሲያፍሩ አይቼ ስለማላውቅ። ጠባሳው ላይ ስደርስ እጄን ጠበቅ ታደርጋለች፤ ሌላ ምንም አትልም።

ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ወደ ምስጋናዬ በቅደም ተከተል እገባለሁ።

አንደኛ፤ ዘንድሮ የጋራ ቴሌቪዥናችንን አስነሥተው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ታብሌትና የጆሮ ማዳመጫ ስላደሉን እናመሰግናለን። በርክክቡ ዕለት ለፎቶግራፍ ሲሉ ማዳመጫውን በአዋላጇ ጭንቅላት ላይ በገዛ እጅዎ ማጥለቅዎ፣ በቤቱ ከተሾሙ ወዲህ ከነዋሪ ጋር ያደረጉት የመጀመሪያው ንክኪ በመሆኑ ልባችንን ነክቶታል፤ ማዳመጫው የተገለበጠ መሆኑ ደስታችንን አልቀነሰውም። ማስታወቂያዎ እንዳለው፣ ዓላማው ጸጥታ የሰፈነበት ዘመናዊ የመዝናኛ ሰዓት ለመፍጠር ነው። ጸጥታ በቅርቡ በገፍ እንደሚታደለን እያወቁ፣ ጥቂቱን ከወዲሁ ሊያቀምሱን ስለተጨነቁ በምን እንክፈልዎ?

ውጤቱንም መጥተው ስላላዩት ልግለጽልዎ። ሁሉም የየራሱን ታብሌት በየራሱ ጊዜ ስለሚነካ፣ ጣቱ የማይንቀጠቀጠው ቀድሞ ይሄዳል፣ የሚንቀጠቀጠው መነሻውን ሲፈልግ ይቀራል። በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ፣ አንዱ ጋ ምግብ አብሳዩ ሲወድቅ ሌላው ጋ ገና ከቤቱ አልወጣም። አዋላጇ ስትስቅ ሹፌሩ ያለቅሳል፤ እሷ የሳቀችው በእሱ ለቅሶ መስሎት ሁለት ቀን አኮረፋት። በዚያ ጸጥታ መካከል አንድ ሰው ብቻውን “ኧረ ከኋላሽ ነው!” ብሎ ሲጮኽ፣ ሌሎቻችን እብደት የጀመረው መስሎን አንገታችንን እንደፋለን። ከዚህ ቀደም አርባ አሮጊትና ሽማግሌ አንድ ፊልም ነበረን፤ ዛሬ አርባ ፊልምና አርባ ብቸኛ ሰው አደረጉን። እድገት ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ ለዓይነ ስውሯ እናትዎ እንደማንኛችንም ጥራቱ ከፍ ያለ ስክሪን ስለሰጧት አመሰግናለሁ። መብራቱ ፊቷን ያምርላታል።

ሦስተኛ፤ እኔን ወደ ላይኛው ፎቅ ስላዛወሩኝ አመሰግናለሁ። ምክንያቱን ለጋዜጣ አንባቢዎች ባስረዳ አይከፋዎትም። ከዋዜማው በፊት ባለው ሳምንት ስልከኛዋ በዕለቱ እንዳትቸገር ማዳመጫውን ልትለማመደው ፈለገችና የጣቢያውን ፊልም ከፈትንላት። ባቡሩ ሲደርስ፣ ጆሮው የተደፈነ ሰው የገዛ ድምፁን መጠን ስለማያውቅ፣ ሳሎኑን በሚያናጋ ጩኸት “ወረደ?” አለች። እኔም አንደኛውን ጆሮዋን ገለጥ አድርጌ፣ “ገና ነው፣ ሻንጣ የያዘችው ሴት ናት፤ ትንሽ ታገሺ” አልኳት። የሳሎኑ ተቆጣጣሪ ክርኔን ይዛ አስነሣችኝና፣ “እማማ፣ ሌላውን ሰው እየረበሹ ነው” አለችኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ጆሮውን በእርስዎ ማዳመጫ ደፍኖ ስለነበር፣ የተረበሸው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው፤ ካገኙት ይቅርታ እንድጠይቀው ወደ እኔ ይላኩልኝ። በማግስቱ በእርስዎ ፊርማ ከስልከኛዋ ጎን ያለውን ክፍሌን ለቅቄ ወደ ላይ ወጣሁ፤ አሳንሰሩም ያለ አስታማሚ እንዳያወርደኝ ታዘዘ። ለጉልበቴ ማዘንዎ ገብቶኛል።

አራተኛ፤ ስለማያዳላው አመራርዎ። እናትዎን በሚያስተዳድሩት ቤት ውስጥ ሲያስገቡ፣ “በሥራ ቦታ ዝምድና አልቀላቅልም፤ ለእኔ ሁሉም ነዋሪ እኩል ነው” ማለትዎ በዚህ ቤት የታወቀ ነው። እውነት ነው፤ ማንንም ስለማይጠይቁ እሷንም አይጠይቋትም። በሰው ፊት “ልጄ” ብላ ብትጠራዎ፣ “ክቡር ሥራ አስኪያጅ ማለት ይሻላል” ብለው በትሕትና እንዳረሟት እኔው ራሴ ሰምቻለሁ። እኔ በሙያዬ ብዙ ስሕተት አርሜአለሁ፤ “ልጄ” የሚለውን ቃል ግን ስሕተት ብሎ የሰረዘ አራሚ እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

እናትዎ ዓይን የላትም እንጂ ጆሮዋ የሙያ ጆሮ ነው። ጠዋት ወደ ቢሮዎ ሲገቡ ጫማዎን ከሌላው ሰው ጫማ ትለየዋለች። ያኔ ጎረቤቷ ስለነበርኩ አውቃለሁ፤ ማንኪያዋን ታስቀምጥና ወደ በሩ ዞር ትላለች። ኮቴዎ በመተላለፊያው ላይ በልኩ ይመጣል፣ በሯ ጋ ሲደርስ ይፈጥናል፣ በሯን ካለፈ በኋላ ወደ ልኩ ይመለሳል። እሷም፣ “ዛሬ ሥራ በዝቶበታል፣ ምስኪን” ትልና ማንኪያዋን ታነሣለች። እኔ ይህን ሰምቼ ዝም ማለቴ፣ ጥብቅ አስተዳደግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረጃ ነው።

ዳቦ አቅራቢውን ግን የሚገሥጽልኝ ሰው እንዲያገኙለት እለምንዎታለሁ፤ ምክንያቱም ያዳላል። ያ ጥርሰ ፍንጭቱ፣ እጅጌው ዘወትር ዱቄት የነካው ሰው በየጠዋቱ ሣጥኑን ከማውረዱ በፊት በሯን አንኳኩቶ፣ “እማማ፣ እንዴት አደሩ? ከላይ በደንብ የበሰለውን ለእርስዎ ደብቄአለሁ፤ ለእነዚያ እንዳይነግሩብኝ” ይላታል። እጇንም ይዞ ይቆያል። ያልተቀጠረበትን ሥራ የሚሠራ ሰው የቤቱን ሥርዓት እንደሚያፈርስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

አምስተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ በዓሉ ዋዜማ ነው፤ በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

የዋዜማው ዕለት ከምሳ በኋላ፣ አሳንሰሩ ስለማይታዘዘኝ፣ በደረጃው ወረድኩ። ሹፌሩ ሊያመጣኝ ወጥቶ ከፊት ከፊቴ እየሄደ፣ “ብትወድቂ እኔ ላይ ውደቂ፤ ፍሬኔ አስተማማኝ ነው” ይለኝ ነበር። እጁ ከእኔ እጅ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ማን ማንን እንዳወረደ አላውቅም። ሳሎን ስንደርስ ሁሉም ታብሌቱን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ከስልከኛዋ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ተቀመጥኩ። እጇን ስይዛት ጣቶቼን ዳሰሰችና፣ “ቆየሽ” አለችኝ፤ ከዚያ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አውልቃ እንደ አሮጌ ባርኔጣ ጭኗ ላይ አኖረችው። አዋላጇ አየቻትና የራሷን አወለቀች። ከዚያ ሹፌሩ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ታብሌቶቹን በፊታቸው ደፏቸው። ፊልሙን ያለ ሥዕል ነገርኳቸው፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሥዕል አያስፈልገኝም። ተቆጣጣሪዋ እንኳ መጥታ ልትከለክል ስትል፣ መበለቷ ያቃጠለችውን ሸሚዝ ስትደብቅ የሚለው ላይ ደርሼ ነበርና ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። እባክዎ አይቅጧት፤ የተሳሳተችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ባቡሩ መጣ። ሹፌሩ “ፍሬን!” አለ። ሻንጣ የያዘችው ሴት ወረደች፤ ጉዳያችን አይደለችም። መሳፈሪያው ባዶ ሆነ፣ መበለቷ ጀርባዋን ሰጠች፣ አዋላጇ ወለሉን ደበደበች። ስልከኛዋም እጄን ይዛ፣ “ወረደ?” አለችኝ።

በዚያች ቅጽበት ነበር በሩ የተከፈተው። ቀይ ባርኔጣ አድርገው፣ ፎቶ አንሺውን አስከትለው፣ ለእኛ የሚታደለውን የነጠላ ጫማ ከረጢት ይዘው ቆሙ። ምንጣፉ ወፍራም ስለሆነ ጫማዎ ድምፅ አላሰማም። ሁላችንም እርስዎን አየን። እናትዎ ብቻ ወደ እኔ እንደዞረች ቀረች። እኔ፣ በዕድሜዬ ሰው ቃል ሲጎድለው ከመሙላት ተቆጥቤ የማላውቀው አራሚ፣ ያን ጊዜ ዝም አልኩ፤ ቃሉ የእርስዎ ስለነበር። እሷም ደግማ፣ “ኧረ ንገሪኝ፣ ወረደ?” አለች። ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ቃል ነበር። ንግግር አልነበረም፣ ይቅርታ አልነበረም፣ ወንበር ተሸክመው እንዲመጡም ማንም አልጠየቀዎትም። ማሳል እንኳ ይበቃ ነበር፤ ሳልዎን ታውቀዋለች።

እርስዎ በጣትዎ ወደ ጆሮዎ አመለከቱ። ማዳመጫዎቹ ለምን ወለቁ ማለትዎ ነበር። በቃል ያልተናገሩት ድምፅዎን ከሰማች ማን እንደሆኑ እንደምታውቅ ስለሚያውቁ መሆኑን ሳሎን ሙሉ ሰው ተረድቷል። ከዚያም ከረጢቱን በቀስታ መሬት አስቀምጠው፣ ያ የሚያብረቀርቅ ጫማ እንዳይሰማ በእግር ጣትዎ እየረገጡ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ብለው ወጡ። አንድ ሙሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ቀይ ባርኔጣ አድርጎ፣ ከአንዲት ዓይነ ስውር እናቱ ፊት እንደ ዶሮ ሌባ ኮቴውን አጥፍቶ ሲሸሽ በማየታችን፣ ምግብ አብሳዩ በበረዶ ላይ ሲወድቅ ስቀን የማናውቀውን ያህል ልንስቅ ይገባን ነበር። የሳቀ ግን አልነበረም። ስለ ነጠላ ጫማው እናመሰግናለን፤ ሁሉም የግራ እግር ነው።

እንግዲህ ምንም አልጠይቅዎትም። ወደ ምድር ቤቱ እንዲመልሱኝ አልለምንም፤ ደረጃውን ለምጄዋለሁ። ቴሌቪዥኑንም ይያዙት። በከረጢት የሰበሰብናቸውን አርባ ማዳመጫዎች ግን ከቢሮዎ በር ላይ ሰቅለንልዎታል፤ በመተላለፊያው ሲያልፉ ከአንድ በር ውስጥ የሚሰማ የማንኪያ ድምፅ ቢረብሽዎ ይጠቅምዎ ይሆናል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ እርጅና ሁላችንንም ሳያዳላ የሚጎበኝ ብቸኛው ኃላፊ ስለሆነ፣ እርስዎ ጋም ደርሶ፣ በመታጠቢያ ጎን ያለ ክፍል አሰናድቶ፣ ኮቴ የሚለይ ጆሮ እስኪሰጥዎ ድረስ በሙሉ ጤና እንዲጠብቁት እጸልያለሁ።

በማስመሪያ ከተማርኩት አክብሮት ሁሉ ጋር፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እየነሣሁ፣

የላይኛው ፎቅ ነዋሪ፣
የቀድሞ አራሚ፣
የእናትዎ ዓይን

ድኅረ ጽሑፍ፤ ፊልሙን ሳልጨርስላት የቀረሁ መስሎዎ እንዳይጨነቁ ጨርሼላታለሁ። በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ “ወረደ” አልኳት። እንደ ልማዷ መልኩን ጠየቀችኝ። ዘንድሮ አርሜዋለሁ፤ ጥርሰ ፍንጭት ነው፣ እጅጌው ዱቄት ነክቶታል፣ ወንበሩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ እጇን ያዘ፣ አልኳት። “ጠባሳውስ?” አለችኝ። “የለውም” አልኳት። እጄን ጠበቅ አላደረገችም፤ ቀስ ብላ ለቀቀችውና፣ “ይሁን፣ ዋናው መምጣቱ ነው” አለች። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ከእንግዲህ በበሯ ሲያልፉ እርምጃዎን ማፍጠን አያስፈልግዎትም። የሚጠብቅዎ የለም።